ከስፓኒሹ የቆረጥኩት አንቀጽ

ዳላስ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ የለመድኩት የገጽ ቅንብር ሥራ እንደገና እንጀራ ሆነኝ። የቀጠረኝ በየሳምንቱ ስፓኒሽና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን የሚያወጣ የሰፈር ጋዜጣ ነበር። ስፓኒሽ አልችልም። ባለቤቱ ይህን ስነግረው «አንተ ገጹን አሳምርልኝ፣ የሚያነብ ሌላ ሰው አለ» አለኝ። ማክሰኞና ረቡዕ ከምኖርበት ከአርሊንግተን እየነዳሁ ቢሮ እገባለሁ፤ በቀረው ጊዜ ኤርፖርት ሻንጣ እጭናለሁ።

ሰው ጋዜጣውን የሚያነሳው ለዜናው አልነበረም፤ ለሁለት ዓምደኞች ነው። አንደኛው ስለ ድሮው ሰፈርና ስለ ቤዝቦል የሚጽፉ ጡረተኛ ፖስተኛ ናቸው። ሁለተኛዋ ዕድሜያቸውን በማስተማር የጨረሱ፣ ለአንባቢ ደብዳቤ መልስ የሚሰጡ ሴት ነበሩ። መምህርቷ በስፓኒሽ ይጽፋሉ፣ ፖስተኛው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱላቸዋል። በአንድ ቃል ሲጨቃጨቁ ግማሽ ቀን ያልቃል። እኔ ከኮምፒውተሬ ጀርባ ሆኜ፣ ቋንቋውን ሳልሰማ እስቅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ በእርሳስ የተጻፈ፣ ስም የሌለው ደብዳቤ መጣ። መምህርቷ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና በእንግሊዝኛ ነገሩኝ። የጻፈችው ፕሌኖ የምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ የሰው ቤት የምታጸዳ ሴት ናት። የመኖሪያ ወረቀት የላትም፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት። እናቷ አገር ቤት በጠና ታመዋል። «ከሄድኩ የምመለስበት መንገድ የለኝም፤ ካልሄድኩ ደግሞ አላያትም። ምን ላድርግ?» ትላለች።

መምህርቷ ለዚያ ሳምንት ሌላ ጽሑፍ ሰጡኝ። ለሚቀጥለውም እንደዚያው። ለሰው ስልክ ይደውላሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይቀድዳሉ። በሦስተኛው ሳምንት መልሱን አመጡና ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ «ይኼን በደንብ ያዝልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ፣ ገጾቹን ወደ ማተሚያ ቤት ልልክ ስል፣ ባለቤቱ የጎማ ሱቅ ማስታወቂያ ይዞ ገባ። ከተያዘለት ቦታ ይተልቃል። ኢኮኖሚው የወደቀበት ጊዜ ስለነበር ማስታወቂያ አይመለስም። ስፓኒሽ ከእንግሊዝኛ ይረዝማል፤ እንግሊዝኛው ልክ ገባ፣ ስፓኒሹ ስምንት መስመር ተረፈው። ደንቡ ለጸሐፊው ኮል ማድረግ ነው። ስልኩ እጄ አጠገብ ነበር። ግን የኤርፖርት ሺፍቴ ሊደርስ ሆነ፣ መንገዱም በዚያ ሰዓት ይዘጋጋል። የመጨረሻው አንቀጽ ስምንት መስመር ነው፤ ከሱ በፊት ያለው በአራት ነጥብ ተዘግቷል። አጠፋሁትና ላክሁ።

ማንም አላወቀም። መምህርቷ የራሳቸውን ጽሑፍ ታትሞ ለማንበብ ያፍራሉ። የቢሮው ሰዎች ደግሞ እንግሊዝኛውን ነበር የሚያነቡት፤ እሱ ሙሉ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ያው የእርሳስ ጽሕፈት ተመልሶ መጣ። መምህርቷ ፖስታውን ደስ ብሏቸው ከፈቱ። ካነበቡ በኋላ ቀና አላሉም።

«ምን ትላለች?» አሉ ፖስተኛው።

«ምክርሽን ሰምቻለሁ፣ እግዜር ይስጥሽ ትላለች። ልጆቹን ለእህቷ ሰጥታ እየሄደች ነው። እኔ እኮ እንዲህ አላልኳትም! ምን ብዬ ነው ሂጂ የምላት?»

የዚያን ሳምንት እትም ከመደርደሪያው አወረዱ። ገጹ ላይ ጣታቸውን እያንሸራተቱ ወረዱና የጎማው ማስታወቂያ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ ሲነግሩን ነው ጽሑፉ ምን እንደሚል የገባኝ። የሚጀምረው በራሳቸው ታሪክ ነው። እናታቸው ሲሞቱ በተማሪዎች ፈተና ምክንያት ሳይሄዱ ቀርተው፣ እስከዛሬ እንደሚጸጸቱ ይናገራሉ። እኔ የቆረጥኩት «አንቺ ግን እንደ እኔ አይደለሽም» የሚለውን ነበር። «እኔ ሄጄ መመለስ እችል ነበር። ሳታነጋግሪኝ እንዳትሄጂ። በነጻ የሚያይሽ ጠበቃ አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።» ሁለት ቅዳሜ በሩ ላይ ቆመው ጠብቀዋት ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ማተሚያ ቤት ሲደርስ የተቆረጠ ይመስለኛል» አልኩ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

መምህርቷ አመኑኝ። ፖስተኛው አላመኑኝም። መምህርቷ ከወጡ በኋላ ፖስተኛው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «እዚያው ገጽ ላይ የእኔ ጽሑፍ ነበር። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ስለተጫወትነው ቤዝቦል! እሱን ሙሉውን ብትጥለው ማን ይጎዳ ነበር? ደውለህ ብትጠይቀኝ ኖሮ ራሴ ቆርጬ እሰጥህ ነበር» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ለመምህርቷ እንድነግር ግን አንድም ቀን አላስገደዱኝም፤ እኔም አልነገርኩም።

ከዚያ በኋላ መምህርቷ በየሳምንቱ ዓምዳቸውን በአንድ መስመር ይዘጉ ነበር፤ በእርሳስ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ካለሽ ጻፊልኝ ይላል። ያችን መስመር እንዳትነካ ማንም ሳይነግረኝ እጠነቀቅ ነበር። መልስ አልመጣም።

በዓመቱ ጋዜጣው ተዘጋ። ቢሮውን ባራገፍንበት ቀን የመምህርቷን መጻሕፍት ተሸክሜ መኪናቸው ድረስ ሄድኩ። የመኪናውን የዕቃ መጫኛ ዘግቼ፣ «የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤቱ አይደለም፤ ቸኩዬ ነው» አልኳቸው።

የመኪናውን በር ከፈቱ። «ስሰጥህ የምታነበው መስሎኝ ነበር» አሉ። «ስፓኒሽ እንደማትችል ረስቼው።» ይህን ብለው ገብተው ነዱ።

ስፓኒሹን ባልችልም እንግሊዝኛው እኮ እዚያው ጎኑ ነበር። ዓይኔን አንድ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ባዞር ኖሮ አነበው ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም። ለገና ስደውልላቸው ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ ልጅ ልጃቸው በደግነት ያጫውቱኛል። ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። የእነዚያ ሁለት ልጆች እናት ትመለስ፣ እዚያው ትቅር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።