ባዶ ብዬ የጻፍሁበት አራት ደቂቃ

በዚህ ታሪክ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። አንደኛዋ ልጄ ናት፤ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ነበር፣ ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። ሁለተኛዋ እናቷ፣ ባለቤቴ። ሦስተኛዋ የእህል መጋዘኗን አጽድታ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድራ ቪዲዮ ቤት ያደረገችው ሴት። አራተኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ከቆላ ድባ ጤፍ አምጥቶ ከሸጠ በኋላ ፊልም ሳያይ ወደ አገሩ የማይመለስ ነጋዴ። አምስተኛው እኔ ነኝ። ስማችንን መጻፍ አያስፈልግም። ጥፋቱ የማን እንደነበረ ግን ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛን የለቀምሁት ከመዝገበ ቃላትና ከሬዲዮ ነው። በሥራ ቀን ሬዲዮና ካውያ እጠግናለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዤ እቆምና የፈረንጁን ፊልም ለተመልካቹ በአማርኛ እናገራለሁ። ወንዱንም፣ ሴቲቱንም፣ ሕፃኑንም የምናገረው እኔ ነኝ። ጎንደር ውስጥ ከእኔ የተሻለ አለ ሲባል አልሰማሁም። ይህን የምለው ለኩራት አይደለም፤ ኩራቱ ምን እንዳደረገኝ ወደ በኋላ ይመጣል።

ለሥራው ሥርዓት ነበረኝ። ጧት የቪዲዮ ቤቷ ባለቤት ቁልፉን ትሰጠኛለች፤ ፊልሙን ብቻዬን አይና ንግግሩን በደብተር እጽፋለሁ። ሰው የማይናገርበት፣ ሙዚቃ ብቻ የሚሰማበት ቦታ ሲመጣ ፊልሙን ወደፊት አሮጠዋለሁ። መብራት ሳይጠፋ መጨረስ አለብኝ። ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ባዶ» ብዬ ደቂቃውን እጽፋለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ እዚያ ላይ የምጨምረውን ምክር። ተመልካቹ ዝምታ አይወድም። ግማሽ ደቂቃ ዝም ካልሁ «ምነው፣ ተኛ እንዴ?» ይላል። ስለዚህ ፈረንጆቹ ፒያኖና ቫዮሊን በሚያሰሙበት ቦታ ሁሉ እኔ ስለ መጠጥ፣ ስለ ስንፍና፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ አስተምር ነበር። ሰዉም ያጨበጭብልኛል። ጭብጨባውን እወደው ነበር።

ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ በነጻ ትቀመጣለች። ትምህርት ቤት በክበብ ክራር ተምራለች። ከፊልም የሰማችውን ዜማ ቤት ይዛው ትመጣና ልብስ ስታጥብ በአፏ ታሰማዋለች። እኔ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም ነበር። አንድ ቀን፣

«አባየ፣ ሙዚቃው ሲመጣ ትንሽ ዝም ብትል ምን አለ?» አለችኝ።

«የሚከፈለኝ ለዝምታ አይደለም» አልኋት።

«እሱም እኮ እየተናገረ ነው።»

«ማን?»

«ሙዚቃው።»

ሳቅሁባት።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች አዲስ አበባ ሄጄ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ልፈተን አለች። ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም፣ ነርስ ሁኚ አልኋት። እናቷ መሀል ገብታ ለመነችኝ፤ አልሰማሁም። ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር።

የዚያ ቀን ፊልም በረዶ የማይለቀው አገር ውስጥ ስለሚኖር የባቡር ጣቢያ ጠባቂ ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ አንዲት ልጅ አለችው። ልጅቱ ቁመቷን የሚያህል፣ ተቀምጠው በጉልበት መሀል የሚይዙት፣ እንደ መሲንቆ በደጋን የሚጫወቱት መሣሪያ አላት። ቼሎ ይባላል፤ ስሙን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። መጀመሪያ ላይ ልጅቱ አንድ ዜማ እየተሳሳተች ስትለማመድ አባትዮው መስኮቱን በኃይል ይዘጋል፣ ይሳደባል፤ ስድቡን ጥሩ አድርጌ ተርጉሜዋለሁ። ከዚያ ልጅቱ በባቡር ትሄዳለች። በመጨረሻ ሰውየው ብቻውን ቤቱ ውስጥ ነው። ትንሿን ሬዲዮ ይከፍታል። ኩባያ ያጥባል። ማንም አይናገርም። ደብተሬ ላይ «ባዶ፣ 4 ደቂቃ» ብዬ ጽፌያለሁ። ከሥሩ ምን እንደምል ግን አልጻፍሁም ነበር።

እዚያ ቦታ ስንደርስ ትንሽ ቆምሁ። የቆላ ድባው ነጋዴ ከፊት ወንበር ጮኸ፦

«አያ! ምነው ዝም አልህ? ሰውየው ምን እያለ ነው?»

«ምንም አይልም» አልሁ።

«ታዲያ በሆዱ የሚለውን ንገረና! አፉንማ በራሳችን ዓይን እናየዋለን!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጄን አየኋት። ወደ እኔ አታይም፤ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ሰጥታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እንግዲህ ንቃኛለች ብዬ ይሆናል፤ ወይም አርባ ሰው እየሰማኝ ቤት ውስጥ ያላሸነፍሁትን ለማሸነፍ ፈልጌ ይሆናል። ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ እንዲህ አልሁ፦

«ይህ አባት ልጁን ከልቡ አውጥቷታል። ሁለት ኩባያ ነበረው፤ አንዱን ዛሬ አጥቦ ለዘለዓለም ያስቀምጠዋል። የአባቷን ቃል ረግጣ ለዘፈን የወጣች ልጅ ብትመለስም በሩ አይከፈትላትም።»

ጭብጨባው ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። ልጄ ከኋላ ተነሣች።

«አባየ፣ እንደሱ አይልም!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ነጋዴው «ይች ደግሞ ሌላ አስተርጓሚ መጣች!» ብሎ ሳቀ። እኔ ማይኩን ሳላወርድ፣

«ቁጭ በይ። እዚህ የሚያስተረጉመው አንድ ሰው ነው» አልሁ።

አልተቀመጠችም። በሩን ስትከፍተው ብርሃኑ ስክሪኑን አጠፋብን፤ ሰዎች «ዝጊው! ዝጊው!» እያሉ ጮሁ። በማግስቱ ጧት የአዲስ አበባ አውቶቡስ ይዛ ሄደች። መሳፈሪያዋን የሰጠቻት እናቷ እንደሆነች አውቃለሁ። አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

አባት ልጁን መቆጣት አለበት፤ ዛሬም ይህን አምናለሁ። ነገር ግን የሚቆጣት በራሱ አፍና በራሱ ቤት ውስጥ መሆን አለበት። እኔ ግን የሌላ አባት ፊት ተውሼ፣ እሱ ያላለውን ብሏል ብዬ፣ በሰው ፊት ተቆጣኋት። ይህ ቁጣ አይደለም፤ ውሸት ነው። ለልጅ መዋሸትን ደግሞ እኔ ራሴ በዚያ ማይክ ስንት ጊዜ አውግዣለሁ።

ባለቤቴ እኔ ወደ ጥገና ሱቄ ስሄድ ጎረቤት ገብታ ትደውልላት ነበር። በሦስተኛው ዓመት በልብ ሕመም ሞተች። ልጄ ለቀብር መጣች፤ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፣ ከእኔ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም፤ በሠልስቱ ማግስት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ትደውላለች። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» ስልኩ የሚዘጋው ሁለታችንም የምንለው ሲያልቅብን ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው፣ የእሷ የነበረው፣ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ይከርማል።

ዘንድሮ የቪዲዮ ቤቷ ባለቤት ሥራውን ተወችው። ሰው ሁሉ ፊልም የሚያየው በስልኩ ነው፤ ቤቱም ወደ እህል መጋዘንነቱ ተመለሰ። ሲዲዎቹን በካርቶን ሞልታ ጠራችኝ።

«ውሰዳቸው ጋሼ። ካንተ በቀር ማን ይፈልጋቸዋል?»

ካርቶኑ ውስጥ ያ ፊልም ነበረ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አሮጌ ማጫወቻዬ ውስጥ ከተትሁት። ማይክ የለም፣ የሚጮህ ነጋዴ የለም። ባዶ ያልሁት ቦታ ሲደርስ አላሮጥሁትም።

ከትንሿ ሬዲዮ የሚወጣው መጀመሪያ ላይ ልጅቱ እየተሳሳተች ስትለማመደው የነበረው ዜማ ነው። ያው ራሱ። አሁን ግን ስህተት የለበትም። ሬዲዮው ውስጥ የምትጫወተው ልጁ ናት። ሰውየው ይህን ሲያውቅ ውሃው ከቧንቧው እየፈሰሰ እጁን አቁሞ ያዳምጣል። ከዚያ ሄዶ ያኔ የዘጋውን መስኮት በረዶው እየገባ ይከፍተዋል። ሁለቱን ኩባያ አድርቆ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣቸዋል። ፊልሙ እዚያ ላይ ያበቃል፤ የሠሩት ሰዎች ስም ይወርዳል።

ያን ሁሉ ዓመት ፊልም ሳስተረጉም አንድም ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጧት አሮጠዋለሁ፣ ከሰዓት አወራበታለሁ።

ስልኬን አንሥቼ ደወልሁ። በዓል ስላልነበረ ደነገጠች።

«አባየ? አመመህ እንዴ?»

«አልታመምሁም። አንድ ጊዜ ስሚ።»

ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማውጫ አጠገብ አስቀምጬ አራቱን ደቂቃ ከመጀመሪያው አስነሣሁት። አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ሲያልቅ፣

«አባየ፣ አለህ?» አለች።

«አለሁ።»

«ምነው ምንም አላልህ?»

«የምለው የለኝም።»

«ኩባያዎቹን አየሃቸው? እኔ መጨረሻውን ያየሁት እዚህ መጥቼ ነው።»

«አየኋቸው። ሁለቱንም ነው ያስቀመጣቸው። የዚያን ቀን የተናገርሁት ትክክል አልነበረም።»

«እሱን ነበር ልነግርህ የፈለግሁት» አለች። ድምፅዋ እንደ እናቷ ሆኖ ነበር። ከዚያ ሙዚቃ የምታስተምራቸው ልጆች መጥተው እየጠበቋት እንደሆነ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን መምጣቱን እንደምታስብበት ነገረችኝ። ጠብቀኝ አላለችም፤ አትጠብቀኝም አላለችም። የተቆለፈውን ክፍል ከፍቼ ጠርጌዋለሁ።

ሒሳቡን ሠርቻለሁ። ነጋዴው በከፈላት ሁለት ብር ፊልሙን አይቶ በሰላም አገሩ ገባ። የቪዲዮ ቤቷ ባለቤት ያጣችው ያለ ክፍያ የምትገባ አንዲት ልጅ ነው። ባለቤቴ ሦስት ዓመት ልጇን ሳታይ ኖራ ሞተች። ልጄ ዘጠኝ ዓመት ያለ አባት ኖረች፤ እኔም ዘጠኝ ዓመት ያለ ልጅ። ሲደመር ሃያ አንድ ዓመት።