አልነበረም የተባለው ግንበኛ

ሳይት ላይ ጋሽ ቱንቢ ይሉታል። ቱንቢ ማለት ግንበኛ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ክር ነው። እሱ ክሩን የሚያወርደው ለወጉ ያህል ነው፤ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ካየ ይበቃዋል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የሠራው ግድግዳ ፈርሶበት አያውቅም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል፤ ታክሲ ውስጥም፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይም።

ታዲያ ባለ ዘጠኝ ፎቁን ሕንፃ የሚሠራው ተቋራጭ አንድ ቀን ተነሥቶ ዘመናዊ ሆንኩ አለ። ወረቀት ቀረ፣ ፕላኑ በታብሌት ሆነ። ነገሩን የምትመራ ኢንጂነርም ተቀጠረች። በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ካሜራ ክፍል ለክፍል እየዞረ ያነሳል፤ ኮምፒውተሩም ፎቶውን ከፕላኑ ጋር ያስተያይና ልዩነት ያገኘበትን ቦታ ቀይ ይቀባዋል። ለሠራተኛው ደግሞ ቁጥር የተጻፈበት ሄልሜት ታደለ። ሄልሜቱ ባለቤቱ የት እንዳለ በየደቂቃው ይናገራል፤ ሰው ጎንበስ ካለም "ወደቀ" ብሎ ይጮኻል።

ይህን የፈለሰፈው ሰው ግንበኛ ሲሠራ አይቶ አያውቅም። ግንበኛ ውሎው ጎንበስ ቀና ነው። ጋሽ ቱንቢ በመጀመሪያው ቀን እስከ ረፋድ ብቻ አሥራ አራት ጊዜ "ወደቀ"፤ ሁለቴ ቃሬዛ ይዘው መጡለት። ከሰዓት ሄልሜቱን አወለቀና ከታች ሻይ ለምታፈላው ሴትዮ ሰጣት። ሌሎቹም ተከተሉት። ሴትዮዋ ዕቃ ያለ ሥራ ሲቀመጥ አትወድም፤ የሻይ ብርጭቆ ማመላለሻ አደረገቻቸው።

ጣጣው የመጣው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ታብሌቱ ባዘዘው ቦታ ቢቆም የመታጠቢያ ቤቱ በር ግማሽ ድረስ ይከፈትና ይገታል፤ ቀጭን ሰው በጎኑ ይገባ ይሆናል፣ ሌላው እንደ ዕድሉ ነው። ጋሽ ቱንቢ ይህን አይቶ ለአለቃው ለካቦው ነገረው። ካቦው ሊመዘግብ ቢሞክር ታብሌቱ የችግሩን ዓይነት ምረጥ አለው፤ ስንጥቅ፣ ፍሳሽ፣ ስርቆት። በር አይከፈትም የሚል የለም። ካቦው እንግዲህ እንደፈለግክ አድርግ፣ እኔ አልሰማሁም ብሎት ወረደ። ጋሽ ቱንቢ ግድግዳውን አንድ ስንዝር ገፋ አድርጎ ሠራው። በሩም ወለል ብሎ ተከፈተ።

ዓርብ ዕለት ቀይ ሆነ።

የሕንፃው ባለቤት ተቋራጩን ከሰሰ፣ ተቋራጩ ፕላን ያወጣውን፣ ፕላን ያወጣው ደግሞ ሶፍትዌሩን። ክርክሩ በሙሉ በኢንተርኔት ነበር። ስድስት ሳምንት ሥራ ቆሞ አራት መቶ ገጽ ተጻጻፉ። ግድግዳውን ስክሪን ላይ እያገላበጡ አዩት፤ ጣሪያውን ገልጠው ከላይም አዩት። አራተኛ ፎቅ ድረስ የወጣ ግን አልነበረም፣ ሊፍቱ ገና አልተገጠመም። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ግድግዳው ሐሙስ ይፈርሳል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ደግሞ ክርክሩን የያዘው የግልግል ዳኛ ረቡዕ በስክሪን ይወስናል።

ማክሰኞ የተቋራጩ ጠበቃ ጋሽ ቱንቢን ጠርቶ የምሥራች አለው። እንደ መዝገቡ ከሆነ የእሱ ሄልሜት፣ ቁጥር አርባ ሰባት፣ ግድግዳው በተሠራበት ሳምንት አራተኛ ፎቅ የወጣው በቀን ሁለቴ፣ ለአሥር አሥር ደቂቃ ነው። በአሥር ደቂቃ ግድግዳ አይሠራም። ስለዚህ አልነበሩም፣ ካልነበሩ አላጠፉም፣ እርስዎ ካላጠፉ እኛም አላጠፋንም። ነበርኩ ካሉ ግን ሄልሜት ማውለቅ ከሥራ ያስባርራል። ጋሽ ቱንቢ አሥር አሥር ደቂቃዎቹን ያውቃቸዋል፤ የረፋድና የከሰዓት ሻይ ናቸው።

"ግድግዳውስ?" አለ።

"ማን እንደሠራው ሳይታወቅ ይፈርሳል።"

ቤት ገብቶ ሲያኮርፍ ሚስቱ ነገሩን ሰምታ ሳቀችበት። "ስንቱ ነበርክ ተብሎ ይታሰራል፣ አንተ አልነበርክም ስትባል ታኮርፋለህ?" ደግሞም እንጀራችንን አስብ አለችው፣ ይህን ስትል ግን አልሳቀችም።

ረቡዕ ሁሉም በየሳጥኑ ሆኖ ስክሪን ላይ ተደረደረ። ዳኛው ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ድምፅ አልነበረውም፤ ከንፈሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግን ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይስማማ ነበር። ድምፁ ሲመጣ ጠበቃው ምስክሩ በቦታው እንዳልነበሩ ያረጋግጣሉ አለ።

ጋሽ ቱንቢ ጉሮሮውን ጠረገ። "ነበርኩ። የሠራሁትም እኔ ነኝ። ሄልሜቱ ሻይ ሲያመላልስ ነው የከረመው።"

ጠበቃው ካሜራውን አጠፋ። ዳኛው ታዲያ ለምን ከፕላኑ ወጡ ብሎ ጠየቀ።

"ጌታዬ፣ መጀመሪያ አንድ ሰው ወጥቶ በሩን ይክፈተው። ከዚያ ይጠይቁኝ።"

ኢንጂነሯ ስልኳን ይዛ ወጣች። አራት ፎቅ ሙሉ ትንፋሿ ብቻ ተሰማ። በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። ከዚያ ታብሌቷ ላይ ያለውን በር ለመክፈት ሞከረች፤ ግድግዳውን መታና ቆመ። አራት መቶው ገጽ ውስጥ ይህ በር አንድም ቦታ አልተጠቀሰም።

ዳኛው በዚያው ቀን ማምሻውን ወሰነ፤ ግድግዳው አይፈርስም። መዝገቡ የሚያውቀው "ትክክል" እና "ስህተት" የሚሉትን ብቻ ስለሆነ ግን "ተቀባይነት ያገኘ ስህተት" ተብሎ ተጻፈ። ጋሽ ቱንቢም ከመባረር ተርፎ ሄልሜት በማውለቁ አሥር ቀን ታገደ። ዕገዳው እምብዛም አልከበደውም። ያንገበገበው "ስህተት" የምትለዋ ናት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ለጎረቤት ሁሉ አቤት አለ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ኢንጂነሯ ደወለች። ከአምስተኛ እስከ ዘጠነኛ ፎቅ ፕላኑ ያው ነው፣ በሩም ያው ነው። ፕላን ለመለወጥ የሦስቱ ወገኖች ፊርማ ያስፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ እንደተኳረፉ ናቸው። ተቀባይነት ያገኘን ስህተት መድገም ግን ፊርማ አይጠይቅም። ሌሎች ግንበኞች ሞክረው ነበር፣ ስንዝራቸው አልመጣ አለ፤ አንዱ አስረዘመ፣ አንዱ አሳጠረ።

"የተመዘገበው የእርስዎ ስንዝር ነው ጋሼ። እባክዎ ነገ ይምጡና ስህተቱን በአምስቱም ፎቅ ይድገሙልን።"

"ልጄ፣ ቅጣቴ ሰባት ቀን ይቀረዋል" አላት። "ሳልጨርስ ብመጣ መዝገቡ አልነበረም ይለኛል።"

ቅጣቱን ማን ሊያነሣለት እንደሚችል እሷም አላወቀችም። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሥራ ገባ፤ ወሩ ሳይሞላም አምስት ስህተት ሠርቶ አስረከበ።