የፈይሩዛ አሳና የትንቢት ሰርግ

ፈይሩዛ ግትር ናት። ጎረቤቴ ባትሆን፣ ልጆቻችንን አብረን ባናሳድግ፣ እንደ ሥራዋ ዓመት አኮርፋት ነበር።

አሰላ ገበያ ዳር አሳ ስትጠብስ ነው የኖረችው። አሳ ነጋዴው ሚፍታ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ከዝዋይ ሐይቅ በበረዶ ያመጣላታል፤ ጾም የገባ እንደሆነ ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሁሉ እሷ ደጅ ነው። እኔም ከእሷ እጅ የምበላው ሥጋ ቢኖር አሳ ብቻ ነው። በግ ሲታረድ እነሱ ቢስሚላህ ይላሉ፣ እኛ በስመ አብ እንላለን፤ አንዳችን የሌላውን አንቀምስም። አሳን ግን ማንም አያርደውም። ለዚህ ነው ልጄ ትንቢት የታጨች ጊዜ ፈይሩዛ፣ «ለሰርጓ የእናንተ ድንኳን፣ የእኛ ድንኳን የሚባል ነገር የለም። አሳውን ለእኔ ተይው፤ ሁሉም ባንድ ገበታ ይበላል» ያለችኝ። አለቀስኩ። ሰርግ በሄድን ቁጥር እሷን ሌላ ጥግ ወስደው ሲያበሏት አንጀቴ ሲቃጠል ኖሯል።

ጥር ደረሰ። ሚፍታ ያመጣው አሳ መዳፍ አይሞላም። ፈይሩዛ አንዷን አንስታ አፏን ብትከፍተው ጥቃቅን ልጆቿ ተዘረገፉ። ቆሮሶ ልጆቿን የምትጠብቀው በአፏ ነው።

«ይሄን አልገዛም፣ ሚፍታ።»

«ሐይቁ ውስጥ ሌላ የለም። አጥማጆቹ የመረቡን ዓይን አጥብበው ትልቁንም ትንሹንም ጠረጉት።»

«ለአንድ ቀን ነው፣ ስሞትልሽ» አልኳት እኔም።

«እናት ከነልጆቿ ጠብሼ ሰርግ አልደግስም» አለች። አልኩ እኮ፣ ግትር ናት።

ከኢተያ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ አሳ የሚያረባ ሰው አለ ሲሉን አብረን ሄድን። ኩሬው ውስጥ የሚተራመሰው አሳ ክንድ ያህላል። እፎይ አልኩ። ሰውዬው ደስ ብሎት ከጀሪካን ቀይ ነገር ይደፋላቸው ጀመር። «ከቄራ የማመጣው ደም ነው፤ እንዲህ ያወፈራቸው እሱ ነው» አለን። ፈይሩዛ ባዶ ሳጥኗን አንስታ ወደ መንገዱ ወጣች።

ሚኒባስ ውስጥ ተቆጣኋት። «ዝም ብትይ ማን ያውቃል?»

«የእኔ ሰዎች እኔን አምነው ነው የሚበሉት፣ አባይነሽ። ደም ለእኛ ሐራም ነው። እኔ የማልቀምሰውን እንዴት ላብላቸው?» እስከ አሰላ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። እኔም አላባበልኳት።

ሁለት ድንኳን ተተከለ። የሰርጉ ዕለት ሚፍታን አግኝቼ ያን ትንንሽ አሳ የት እንዳደረሰው ጠየቅኩት። «ያኔውኑ አለቀ እንጂ። ሆቴሎቹ ተሻሙበት፤ አሁንም አምጣ ይሉኛል» አለ። ፈይሩዛ አጠገቤ ሆና ሰማችው። ከሞት ያተረፈችው አንድም አሳ የለም፤ ገበታችን ግን ለሁለት ተከፈለ።

ይሄኔ ትንቢት በሙሽራ ልብሷ ሳህን ይዛ፣ እናቶቿን ልታጎርስ መጣች። እኔን አጎረሰችኝ። ሁለተኛውን ጠቅልላ ወደ ፈይሩዛ ስትዘረጋ እጇ መሃል ላይ ቀረ። ሥጋው የእኛ ነበር።

ፈይሩዛ ፈገግ ብላ ሳህን የያዘውን የልጄን እጅ ሳመች። «ጠግቤያለሁ፣ የእኔ ልጅ» አለቻት።

ከጠዋት ጀምሮ እኔ ጓዳ ስትሠራ ነው የዋለችው፤ እህል የሚባል በአፏ አልዞረም።