ሠላሳ ሰው ተዋወቂ የተባልኩበት ሰመር

ያን ሰመር ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ጥርሴን እነክሳለሁ። የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቴን እንደጨረስኩ፣ ሚኒያፖሊስ ዳውንታውን ባለ አንድ ትልቅ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ኢንተርን፣ የክረምት ተለማማጅ፣ ሆኜ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አባቴ ኩን ራፒድስ ካለው ቤታችን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው በመኪና አደረሰኝና፣ «አንገትሽን ቀና አድርጊ፤ ከሰው ጋር ተግባቢ» አለኝ። በአሥራ አንድ ዓመቴ ከአዲስ አበባ አሜሪካ ከመጣን ጀምሮ፣ አዲስ ትምህርት ቤት በገባሁ ቁጥር የሚለኝ ይህንኑ ነበር።

አሥራ አንድ ኢንተርኖች ነበርን። ኃላፊያችን ፈገግታ ከፊቷ የማይጠፋ ሴት ነች። ለእያንዳንዳችን ሠላሳ ባዶ መስመር ያለው ወረቀት አደለችን።

«የምትሠሩት ሥራ ግማሹ ነው» አለችን። «ሌላው ግማሽ ኔትወርክ ማድረግ ነው። ሰመሩ ሳያልቅ ሠላሳ ሰው ተዋወቁ። ቡና ጋብዙ፣ ስለ ሥራቸው ጠይቁ፣ ስማቸውን እዚህ ጻፉ።»

እኔ የታዘዝኩትን የምፈጽም ልጅ ነኝ፤ ኢሜይል መላክ ጀመርኩ። ሁሉም እሺ ይላሉ። ሁሉም በሰዓቱ ይመጣሉ።

«ከየት ነሽ?»

«ከኩን ራፒድስ።»

«አይ፣ መጀመሪያ ማለቴ ነው።»

መጀመሪያዬን ስነግራቸው የሐበሻ ምግብ ቤት ሄደው በእጃቸው የበሉበትን ቀን ይተርኩልኛል። የተቀጣጠርንበት ግማሽ ሰዓት ያልቃል። «የግድ እንደገና መገናኘት አለብን» ብለው ይነሣሉ። እንደገና የተገናኘኝ አንድም ሰው የለም። እንዲያውም አንዱ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ውሻው ያጫወተኝ ሰውዬ፣ በሳምንቱ ሊፍት ውስጥ አግኝቶኝ አዲስ ሰው መስዬው ራሱን አስተዋወቀኝ።

በዚያ ሕንፃ ውስጥ በእውነት የማወራቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውን ደግሞ ወረቀቱ ላይ አልጻፍኳቸውም። ምድር ቤት መግቢያው ላይ የሚቀመጡ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሽበታም፣ ዩኒፎርማቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው። በምሳ ሰዓት ጠረጴዛቸው አጠገብ አሥር ደቂቃ ያህል እቆማለሁ። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ባሱን ሚስ አደረግኩት» ስላቸው ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ።

«አመለጠኝ በይ። ‹ሚስ አደረግኩት› ምን የሚሉት አማርኛ ነው?»

እሳቸው «ቀ»ን ከጉሮሯቸው እያወጡ፣ እኔን የአዲስ አበባዋን ልጅ አማርኛ ያርሙኛል። አብረን ሳቅን። በቀኑ ውስጥ ሳላስብ የምስቀው ያኔ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ኃላፊያችን ለብቻዬ ጠራችኝ።

«ታች ጥበቃው ጋ ብዙ ጊዜ ትቆሚያለሽ» አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ። «ክፋት የለውም። ግን ከማን ጋር እንደምትውዪ ሰው ያያል። ለአንቺው አስቤ ነው።»

አመሰግናለሁ አልኳት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሷ ያለችኝ አይደለም፤ እኔ አመሰግናለሁ ማለቴ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ በፊት ለፊቱ በር መግባት ተውኩ። በአጠገቡ ሕንፃ በኩል ወጥቼ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለቱን ሕንፃዎች በሚያገናኘው የመስታወት መሸጋገሪያ፣ በስካይዌዩ፣ እገባለሁ። ሦስት ሳምንት እንደ ሌባ ተደበቅሁባቸው።

በዚያው ጊዜ ጓደኛ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ኢንተርን ነች። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ያቃታትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቁጭ ብዬ አስረዳታለሁ፣ እሷ ስለ ቦይፍሬንዷ ትነግረኛለች። አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ እሷም ሌሎቹም ፊታቸው በፀሐይ ተቃጥሎ ቲማቲም መስሏል።

«ምን ሆናችሁ?» አልኳት።

«ወላጆቼ ሐይቅ ዳር ያላቸው ቤት ሄደን ነበር፣ ሁላችንም» አለችና ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች። «ልንጠራሽ አስበን ነበር። ግን የሚመችሽ አልመሰለንም። መጠጥ አለ፣ ዋና አለ...»

ሃይስኩል እያለሁ የትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን ውስጥ ነበርኩ፤ አራት ዓመት። አንድ ሰው እንኳ ዋና ትችያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። አሥሩም ሄደዋል፤ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

በምሳ ሰዓት በቀጥታ ምድር ቤት ወረድኩ። ጋሼ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሡ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ጉድ አፍተርኑን፣ ማም» አሉኝ። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«አይቼሻለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አሁን በአማርኛ። «እዚህ አትቁሚ።»

«ተቀይመውኝ ነው?»

«ቅሬታ ቀርቦብኛል። ወጣት ሠራተኞችን በወሬ ያዘናጋል ተብሎ። ማስጠንቀቂያ አስፈርመውኛል። ሂጂ፣ ልጄ።»

ያቺ ሴት እኔን በለሰለሰ ድምፅ መክራ ስታበቃ፣ እሳቸውን ለቀጣሪያቸው ከስሳቸዋለች ማለት ነው። ሊፍቱን እንዴት እንደተሳፈርኩ አላስታውስም። ቢሮዋ መስታወት ነው፤ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ሰውየው ምን አጠፉ?»

«እየሰማሁሽ ነው» አለችኝ። «ስሜትሽን እረዳለሁ።»

«ስለ ስሜቴ አላወራሁም። ቅሬታውን አንሺላቸው።»

እየጮህኩ እንደነበር የገባኝ ከመስታወቱ ውጪ ያሉት ሰዎች ቀና ቀና ሲሉ ነው። እሷ ፈገግታዋ አልጠፋም። ከሚመለከታቸው ጋር እነጋገራለሁ አለችኝ። ቃሏን ጠበቀች፤ ተነጋገረች። በሳምንቱ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። ጋሼን ጥቂት መንገዶች አልፎ ወዳለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ እንዳዛወሯቸው የነገረኝ እሱ ነው።

እዚያ ብሄድ ሌላ ወረቀት እንዳያስፈርሟቸው ፈራሁ። ሲዋርድ ሰፈር ባለ አንድ ካፌ ቅዳሜ ጠዋት ከእኩዮቻቸው ጋር እንደሚቀመጡ ነግረውኝ ስለነበር፣ የአባቴን መኪና ይዤ ሄድኩ። ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር አገኘኋቸው። ሳልቀመጥ፣

«ማን ጠይቂልኝ አለሽ?» አሉኝ።

አጎንብሼ ሰላም ልላቸው ስል ቀጠሉ።

«አንቺ በነሐሴ ትሄጃለሽ። እኔ ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ወረቀቱን ፈርሜ፣ ዝም ብዬ፣ ተቀምጬ እጨርሰው ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ቆሜ የመኪና ጭስ ስምግ እውላለሁ።»

«ስለ እርስዎ ተናድጄ ነው እኮ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በስካይዌዩ መሸሼንም፣ የሐይቁንም ነገር። ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ የተናደድሽው ልጆቹ ጥለውሽ ስለሄዱ ነው። ያንን ንዴት ይዘሽ ነው በእኔ ስም ፎቅ የወጣሽው።»

ልከራከራቸው አሰብኩ። አልቻልኩም፤ ግማሹ እውነት ነበር። ሌላው ግማሽ ግን አይደለም፣ እና ያንን እንዴት እንደማስረዳቸው አላወቅሁም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። እስከ እኩለ ቀን አብሬያቸው ቆየሁ፤ ጋሼ ብዙም አላናገሩኝም።

በመጨረሻው ሳምንት ግምገማዬ መጣ። ሥራዋ እጅግ ጥሩ ነው፣ ከቡድኑ ጋር ለመቀላቀል ግን የበለጠ ጥረት ይጠበቅባታል ይላል። ይህን ብለው ሲያበቁ ለሚቀጥለው ሰመር ተመለሺ አሉኝ። በሁለት መስመር ኢሜይል አልመለስም አልኩ።

አባቴ ሲሰማ እራቱን አቋርጦ ተነሣ።

«እኔ ስንቱን ውጬ ነው እዚህ ያደረስኩሽ?» አለኝ።

«እኔም እንድውጥ ነው?» አልኩት።

ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ወጣ። ቅዳሜ ነበር።

አሁንም አንዳንድ ቅዳሜ ሲዋርድ እሄዳለሁ። ጋሼ ይቅር ብዬሻለሁ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። በቅርቡ አንድ አዲስ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ፣ ይቺ ልጅ ምን ትሠራለች ብሎ ጠየቃቸው።

«ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነበረች። ተጣልታ ወጣች» አሉት።

«ከማን ጋር?»

«ከሁሉም ጋር።»

እኔም አላስተባበልኩም።