የሙቀጫው ምት

እስከ ዛሬ ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ለእናቴ ደብዳቤ ሲመጣ አነብላታለሁ እንጂ መልሱን የምትጽፈው ጎረቤታችን ናት። ተማሪ ሳለሁ ብቻ አንድ ዘፈን ጀምሬ ነበር፤ እሱንም ግማሽ ላይ ተውኩት።

አሁን የተቀመጥኩት ሙቀጫችን ላይ ነው። እናቴ ገልብጣ መቀመጫ ካደረገችው ዓመታት አለፉ። ሲሞቅ የድሮ በርበሬ ሽታ ከእንጨቱ ይወጣል። ጎረቤት ሲወቅጥ በሰማሁ ቁጥር ደግሞ ዓይኔ ሳላዘው ወደ ኮርኒሱ ይሄዳል።

ያኔ ኮርኒሱ ላይ ወንድሜ ነበር።

ለብሔራዊ ውትድርና ተፈልጎ ነበር። ከሰፈራችን ቀድመው የተወሰዱ ሁለት ልጆች አልተመለሱም። እናቴ ለቀበሌው “ዘመድ ጋ ሄዷል” አለችና በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሐል ሁለት ጣውላ ዘረጋችለት። የድሬዳዋን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ያ ቦታ ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልግም። የወንድሜ ላብ በኮርኒሱ ጨርቅ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ይታይ ነበር። እናቴ በየሳምንቱ ወንበር ላይ ቆማ ኖራ ትቀባዋለች።

የሚወርደው በቀን አንዴ ነው፤ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ከሙቀት ሸሽቶ ሲተኛ። እናቴ በሩን ትቆልፍና ሙቀጫውን ትመታለች። ሁለቴ በዝግታ፣ ሦስቴ በፍጥነት። በርበሬ ባይኖርም ባዶውን ትመታዋለች። ያን ሲሰማ “ሰው የለም” ማለት ነው፤ ጓዳ በኩል ይወርዳል። ቀልደኛ ነበር። “የላይ ቤት ሰው መጣ” ይለኛል በሹክሹክታ፤ እኔ ግን እሱ እየበላ በሩን ነበር የማየው።

በዚያ ዓመት አዲስ የሙዚቃ መምህር መጣልን። ቀጭን ነው፤ ሲናገር ድምፁን አያነሳም። እኛ የምናውቀው ለሰልፍ የሚያስጠኑንን መዝሙር ነበር። እሱ በሩን ዘጋና “ሰው የሰጣችሁን ትዘፍናላችሁ፤ እስኪ ደግሞ የራሳችሁን አምጡ” አለን።

አንዱ ልጅ “ጋሼ፣ ስለ ወንዝ ልጻፍ?” አለው።

“ወንዛችን ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ምን ሲል ሰማኸው?”

ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ አሠራሩን አስረዳን። “ቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ የምትሰሙትን ድምፅ ፈልጉ፤ ምታችሁ እሱ ነው። ከዚያ ለማንም የማትናገሩትን ነገር አምጡና በላዩ አስቀምጡት።”

ግማሹ ክፍል የባቡር ሠራተኛ ልጅ ስለነበር ባቡር ይዞ መጣ። አጠገቤ የምትቀመጠው የልብስ ሰፊው ልጅ የአባቷን የስፌት መኪና በምላሷ እየነዳች አሳቀችን። የኔ ስም ተጠራ። በቤታችን ከሙቀጫው ሌላ ድምፅ አልነበረም፤ ሁላችንም በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። በድምፅ ውስጥ የተደበቀ ሰው ማን ያገኛል ብዬ አሰብኩ። ዴስኩን በጣቴ አንጓ መታሁ፤ ሁለቴ በዝግታ፣ ሦስቴ በፍጥነት፤

*ከጣራው ላይ ያለሽ ርግብ፣*
*ቶሎ ውረጂ ደርሷል ምግብ።*

“ወላሂ ያንቺ ይበልጣል አቦ!” አለች የልብስ ሰፊው ልጅ።

በሕይወቴ ሰው ዝም ብሎ የሰማኝ ያን ቀን ነው። ደስታው አንድ ደቂቃ አልቆየም። መምህሩ “ሁላችሁም!” አለና ክፍሉ በሙሉ ዴስኩን ይመታ ጀመር። ሃምሳ ልጅ በአንድነት ወንድሜን ጠራው።

መምህሩ ወደኔ ጎንበስ ብሎ “ግማሽ ነው። ርግቧ ከወረደች በኋላስ? ቀሪውን አምጪ” አለኝ።

ደብተሬን ለወንድሜ አሳይቼ “ቀሪውን አምጪ” መባሌን ነገርኩት። አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። “ሴት አደረግሽኝ እኮ!” አለ። ምቱ ግን ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ እኔም ምቱን አልነገርኩትም።

በሳምንቱ ዘፈኑ ሰፈር ውስጥ ገባ። ልጆች በጣሳ፣ በአጥር፣ በተዘጋ ሱቅ በር ላይ ይመቱታል። በእኛ በር ሲያልፉ ኮርኒሱን አያለሁ፤ ወንድሜ ግን የሙቀጫውን ድምፅ ካልሰማ አይወርድም፤ እናቴም የልጆች ጨዋታ መስሏት ልብ አላለችውም። ምቱን እንቀይር ብዬ ለእናቴ ልነግራት እነሳለሁ፤ “ከየት ሰሙት?” ብትለኝስ ብዬ እቀመጣለሁ። መምህሩ እንዲያስቆመው ልለምነው ቢሮው ድረስ ሄጄ ቆሜ ነበር። “ምነው፣ ዘፈንሽን ጠላሽው?” አለኝ። “አልጠላሁትም” ብዬ ተመለስኩ። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ያ መልስ ነው።

አንድ ቀን ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ እናቴ ምግቡን አቅርባ ዘነዘናውን ስታነሳ፣ በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው ሰው ነበር። ፊቱ ፈክቷል።

“እትዬ፣ ይቺ ዝምተኛ ልጅዎ እኮ ሰፈሩን አሳበደችው! ለኪነት ቡድናችን እንፈልጋታለን። ቃሉን እኛ እናስተካክለዋለን፤ ምቱ ነው የደነቀን።”

እናቴ አየችኝ። ምን እንዳደረግሁ ያን ጊዜ ገባት።

“እስኪ ከራስሽ እንስማው” አለና ዘነዘናውን ከእናቴ እጅ ወስዶ ሰጠኝ።

እያወቅሁ አበላሸሁት፤ ሦስቴ በዝግታ፣ አንዴ በፍጥነት መታሁ። ኮርኒሱ ዝም አለ።

ሰውየው ሳቀ። “አፈረች! ኧረ እሱ አይደለም፤ ውጭ ልጆቹ የሚመቱት እንዲህ ነው።” ዘነዘናውን ተቀበለኝ።

“አይ፣ እሷ ትምታው!” አለች እናቴ። ድምፅዋ ግን ከሹክሹክታ አላለፈም።

ዱም። ዱም። ዱም ዱም ዱም።

ከላይ ጣውላው ሲጥ አለ። ከኮርኒሱ አቧራ ወርዶ በተዘጋጀው ምግብ ላይ አረፈ። ላስል ስል ዘገየሁ። በሙቀቱ አንቀላፍቶ ቆይቶ ምቱ ብቻ የቀሰቀሰው ወንድሜ እየተንጠራራ ከጓዳ ወጣ፤ ከብርሃኑ የተነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ሰውየው ዘነዘናውን እንደያዘ ቀረ። እሱም እንደኛ የደነገጠ ይመስለኛል። ቆይቶ “ርግቧ ይቺ ናት?” አለ። ከዚያ ወደ ደጅ ወጥቶ የቀበሌውን ጥበቃዎች ጠራ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። መምህሩ አንድ ቀን መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጓዳ ተደብቄ አልወጣሁለትም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የተረፉት ወታደሮች ሲመለሱ እኔና እናቴ በየቀኑ ባቡር ጣቢያ እንሄድ ነበር። አንድ ቀን እናቴ “ይበቃል” አለች። ስንመለስ ሙቀጫውን ገለበጠችው።

ወንድሜን በወሰዱበት ቀን እናቴ ምግቡን በፌስታል ቋጥራ አስያዘችው። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነበር። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝ፤ ሊያስቀኝ ይሞክር ነበር።

“በይ እንግዲህ፣ ርግቧ ወርዳለች” አለኝ። “ቀሪውን ጻፊው።”