በእናቴ በኩል የሚመጣው ጨለማ

በድርቁ ዓመት ወንድሜ ማንበብ አቃተው። «ዙሪያው ይታየኛል፣ መሐሉ ላይ ግን ጭስ ቆሟል» አለኝ። መጀመሪያ አንዱ ዓይኑ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ተከተለ።

አባቴ «ዳፍንት ነው፣ ረሃቡ ነው» ብሎ የቀረችንን በግ አረደ። ዳፍንት የያዘው ሰው ጉበት በልቶ ይድናል ይባላል። ዳፍንት ግን ሲመሽ ነው የሚጋርደው፤ ወንድሜ በጠራራ ፀሐይም አያይም። እናቴ ጉበቱን ስትጠብስ ወንድሜን ቀና ብላ አላየችውም። ሁለት ወንድሞቿ በጉርምስናቸው እንዲሁ እንደ ታወሩ ያወቅሁት ኋላ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር «ከውትድርና ሊያመልጥ ነው» ብሎ በጣቱ የወንድሜን ዓይን ሊወጋ ቃጣ። ወንድሜ ጣቱን አላየምና አልሸሸም። የእጮኛው ዘመዶችም ከአቀስታ መጥተው «ዕውር ዘር አንቀላቅልም» ብለው ልጃቸውን ከለከሉ።

አስራ ሁለተኛን ስጨርስ ደሴ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ አጥብቆ የጠየቀን ስለ እናታችን ወገን ነበር።

«ማይቶኮንድሪያ ተምረሻል?»

«የሴል ኃይል ማመንጫ» አልኩ፣ ፈተና ላይ ያለሁ ይመስል።

«የራሱ ዲኤንኤ አለው። የሚያወርሰው እናት ብቻ ናት። ይህ በሽታ ከዚያ እንደሚመጣ የታወቀው በቅርቡ ነው፤ መድኃኒት የለንም።»

ወንድሜ ሳቀ። «እንግዲያ የኔ ልጆች ያያሉ!»

«አንተ አታስተላልፍባቸውም።»

«የሷስ?»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «ሁሉም አይታወርም። ወንዶች ላይ ይብሳል። ማንን እንደሚይዝ ግን አላውቅም።»

ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ መካነ ሰላም ቤታችን መጡ። የአባቴን ወገን አጥንት እየቆጠሩ እስከ ሰባት ቤት ወጡ። ነቀፋ አጡ። እናቴን ስለ ወንድሞቿ የጠየቃት የለም። ከጓዳ ወጣሁ።

«አባቶች፣ የሚያስፈራው ወንድሜ አይደለም። እኔ ነኝ። የምወልደው ልጅ ሊታወር ይችላል።»

አባቴ ገላመጠኝ። ትልቁ ሽማግሌ ግን ሳቁ። «አብሽሪ ልጄ! ዘር የአባት ነው። ይህን ማን ነገረሽ?»

«ሐኪም።»

«እሱስ አግብቷል?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። የሠርጉም ቀን ተቆረጠ። እናቴ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ቀረች።

አሁን ወንድ ልጅ አለኝ። ከአጥር ማዶ ያለች ጫጩት አትሰወረውም። ባሌ «ይኸው አጥርቶ ያያል፤ ምን ያስፈራሻል?» ይለኛል።

ወንድሜም በልጅነቱ ከሁላችን የተሻለ ያይ ነበር።