ጥርሴን ያወለቀውን አጥቂ ስናስፈርም

የፊት ጥርሴን ያጣሁት ሽንፋ ላይ ነው፤ ሪጎሬ ባዳንኩ በሦስተኛው ሰከንድ። ወደ ቀኝ ተወርውሬ ኳሷን ይዣት፣ ደረቴ ላይ አቅፌያት፣ ገና ቀና ስል ሪጎሬውን የሳተው አጥቂ ወደ እኔ እየሮጠ መጣ። ሊጨብጠኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ፈገግ ባልል ኖሮ ምናልባት ከንፈሬ ብቻ ያብጥ ነበር።

የመታኝ በክርኑ ነው። እሱ እስከ ዛሬ «ኳሷን ልነጥቅህ ስል ነው» ይላል። ዳኛው ቀይ ካርድ ሲያሳየው ካርዱን ከእጁ ተቀበለው፣ ገልብጦ አየው፣ ኪሱ ከተተውና ከሜዳ ወጣ። የቀረውን ጨዋታ ዳኛው ያለ ቀይ ካርድ ነው የጨረሰው።

ይህ ሰው በእኛ ቆላ የማያውቀው የለም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትራክተር ነጂ ነው። በሦስት ዓመት ሦስት ቡድን አባሮታል። አንደኛው ያባረረው በእረፍት ሰዓት አሰልጣኙ ላይ ውኃ ስለደፋ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጨዋታ መሀል አንድ ደጋፊ ቢሰድበው ገመዱን ዘሎ ተሳዳቢውን እስከ ገበያው ድረስ ስላሯሯጠው። ሦስተኛው ለምን እንዳባረረው ስጠይቅ «ተወው» ብለውኛል። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ግን ከእሱ የበለጠ ጎል ያገባ አልነበረም።

እኔ ገንዳ ውሃ ውስጥ የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከሥራ በኋላ የሰፈራችን ቡድን በረኛና አምበል ነኝ። ያን ዓመት ቡድናችን በጣም ጨዋ ነበር፤ ይህን ስል መሸነፋችንን በአክብሮት መናገሬ ነው። በስድስት ጨዋታ ያገባነው ሁለት ጎል ነው፤ አንዷንም የተጋጣሚ ተከላካይ በገዛ መረቡ ላይ አስቆጥሮልን ነው። አጥቂያችን መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ ተሰምቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ጠልፈው ሲጥሉት ተነሥቶ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ከልምምድ ቀርቶ አያውቅም፤ ጎል ላይም ብዙ አይገኝም።

ከስድስተኛው ሽንፈት በኋላ ኮሚቴው ሜዳው ዳር ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። አሰልጣኛችን ብየዳ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«የሽንፋውን እናምጣ» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ወደ አፌ ማለቴ ነው።

ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ችሎታውን አልክድም» አሉ። «ግን ይኼ ቡድን የሰፈሩ ስም ነው። ነገ ልጆቻችን ማንን አይተው ነው የሚያድጉት?»

«መምህር፣ እርስዎ የሚሉት ልክ ነው» አለ አሰልጣኙ። «ጠባየ መልካም የሆኑ አሥራ አንድ ሰዎች አሉን። የመጨረሻ ነን።»

ከኮሚቴው አንዷ ሰሊጥ ነጋዴ ናት፤ ማልያ የምታሰፋልን እሷ ነች። «ትራክተር ሲበላሽ ይጠገናል እንጂ ይጣላል እንዴ?» አለች።

«አንዳንዱ ይጣላል» አልኩ። «መለዋወጫ የምሸጠው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።»

እጅ ወጣ። ሦስት ለሦስት ሆነ። እኔ እጄን አላወጣሁም ነበር።

«ተበዳዩ አንተ ነህ» አሉኝ መምህር። «አንተ ይምጣ ካልክ ይመጣል፤ ይቅር ካልክ ይቀራል።»

እውነቱን ልናገር። እንዲመጣ ፈልጌያለሁ። ሌሎቹ የሚሸነፉት ፊታቸውን ወደ ተጋጣሚ ጎል አዙረው ነው፤ በረኛ ግን ሽንፈቱን ከሥሩ ነው የሚያነሣው፤ ጎንበስ ብሎ ከመረብ ውስጥ። ያ ጎንበስ ማለት ሰልችቶኝ ነበር። ደግሞም ከእኛ ጋር ከሆነ፣ ቢያንስ ወደ እኔ እየሮጠ አይመጣም።

«መጀመሪያ ይታረቀኝ» አልኩ።

እርቁ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ መምህር ግቢ ሆነ። ሰውዬው ማረሻው እንደተቀጠለበት ትራክተሩን እየነዳ መጣና በሩ ላይ አቆመው። ከዚያ በኋላ ማንም መግባትም መውጣትም አልቻለም።

«በትራክተር ነው ለእርቅ የሚመጣው?» አሉት መምህር።

«ባጃጅ አጣሁ» አለ።

መምህር ስለ መከባበር ረጅም ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና፣

«ማሌሽ» አለኝ።

እኛ ጋ ይህች የዓረብኛ ቃል ከወሰኑ ማዶ፣ ከሱዳን መጥታ ቤተኛ ከሆነች ቆይታለች። እግር የረገጠም «ማሌሽ» ይላል፣ አጥር በመኪና ያፈረሰም «ማሌሽ» ይላል። መምህር ተቆጡ።

«በአማርኛ!»

«ይቅርታ።»

«ለምኑ?»

«ለጥርሱ» አለ። ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «ግን ድሮም ይነቃነቅ ነበር።»

አይነቃነቅም ነበር። ቢሆንም ሳቄ አመለጠኝ፤ እኔ ስስቅ ግቢው ሁሉ ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ መቀየም ከባድ ሆነብኝ። ተሳሳምን።

መምህር በቁጥር የተደረደረ የስምምነት ወረቀት አዘጋጅተው ነበር። ዳኛ አይነካም። ደጋፊ አያሯሩጥም። ካርድ ሲያሳዩት አይቶ ይመልሳል እንጂ አይወስድም። ሰውዬው በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«እናቴን ቢሰድቡስ?» አለ።

መምህር ይህን አላሰቡበትም። «እጅህን ሳታነሣ ለበረኛው ንገር» አሉና እሱንም ጻፉት። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎሉም የእሱም በረኛ ሆንኩ።

የመድኃኒት ቤቱ አጥቂያችንም ግቢው ውስጥ ነበር። ወንበር ሲያመላልስ አይቼዋለሁ።

ሰውዬው ልምምድ የሚመጣው እጁ ላይ ግሪስ እንዳለ ነው። የሜዳችን አፈር መረሬ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። እኛ ኳሷ ስንጥቅ ነክታ ስትዘል እንደነግጣለን፤ እሱ ቀድሟት እዚያ ቆሞ ይጠብቃታል። ያን አፈር ሲያርስ ስለሚውል ይመስለኛል። አፉም አያርፍም። «አንተ በረኛ ነህ ወይስ ዘበኛ?» ይለኛል። «ዘበኛ እንኳ አንዳንዴ ይነቃል!» በተከታታይ ሦስት ጨዋታ አሸነፍን። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆኖ ያጨበጭብ ነበር።

ወረቀቱንም ቃል በቃል አከበረ። አንድ ቀን ኳሷ በሌላኛው ጫፍ እያለች ድንገት ጥሏት ሜዳውን ሙሉ አቋርጦ ወደ እኔ መጣ።

«እናቴን ሰደቡኝ» አለኝ እያለከለከ።

«እሺ፣ ሰማሁ። ተመለስ።»

«እሺ» አለና እየሮጠ ተመለሰ። ደጋፊው ግራ ገባው። አሰልጣኙ አዲስ ታክቲክ መስሎት ኋላ ላይ ጠየቀኝ።

ዋናው ጨዋታ መተማ ዮሐንስ ላይ ነበር። ሜዳው የጭነት መኪኖች ወረፋ ከሚጠብቁበት መንገድ ዳር ነው፤ ሾፌሮቹ ጋቢናቸው ላይ ወጥተው፣ ገሚሱ በአማርኛ ገሚሱ በዓረብኛ ይጮሃሉ። ፀሐዩ የጎሉን ብረት ቢነኩት የሚያቃጥል አድርጎታል። ዳኛው ደግሞ ያው የሽንፋው ዳኛ ነው። ከእኛው ሰው ጋር ሰላምታ ሲሰጣጡ የዳኛው እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄዶ ሲዳስስ አይቻለሁ።

የእኛው ሰው ሁለት አገባ። አንዷን በቴስታ፣ አንዷን እንዴት እንደሆነ እሱም አያውቅም። እነሱ አንድ አገቡ። ከዚያ የተጋጣሚው ተከላካይ ምላሱን ሥራ አስያዘው። ሰውዬው አንዴ ወደ እኔ መጣና ተመለሰ። ሁለተኛም መጣና ተመለሰ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ።

«አሁንም እናትህን?»

«አይ፣ ለእኔ የተባለውን ችዬዋለሁ። አሁን የሰደበው አንተን ነው። ስለ አንተ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የለም። ምን ላድርግ?»

«ምን አለ?»

ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም። እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም፤ ብቻ ራሴን ያገኘሁት በሜዳው ሌላኛው ጫፍ ነው፣ ተከላካዩ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ሁለት ጓንቴ ደረቱ ላይ። ከኋላ ወገቤን ይዞ የሚጎትተኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? «ኧረ ተው! ዳኛ አለ! ኧረ ሰው ያየናል!» ይለኛል የሽንፋው ሰው።

ዳኛው ቀይ ካርዱን አወጣ። ተቀያሪ በረኛችን ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበር። ሰውዬው ጓንቴን ከእጄ ላይ አወለቀ፣ አጠለቀውና ወደ ጎል ሮጠ። እኔ ወጥቼ ተቀያሪ ወንበር ላይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ሰው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ካርድ ስቀበል በዕድሜዬ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው» አልኩት። ሊያጽናናኝ ጠብቄ ነበር።

«እኔ እስካሁን የለኝም» አለና ውኃ አቀበለኝ።

ጠጣሁ። ሜዳውን እያየ፣ «ኮሚቴው ስለ እኔ ተሰብስቦ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ስለ አንተ? ለምን ይሰበሰባል?»

«እንጃ። ያጠፋሁት ስለሌለ ይሆናል።»

አንዴ ጀምሮታልና ቀጠለ።

«እሱ እንደሚበልጠኝ ዓይን አለኝ፣ አያለሁ። የእርቁ ቀን ወንበር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከእናንተ አንዱ ጠጋ ብሎ ‹ቦታህን ልንሰጠው ነው› ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። በሚቀጥለው ጨዋታ ስሜ ሲጠራ ከተቀያሪዎቹ ጋር ሰማሁት። ያው ነው፤ ቢነግሩኝም አይቀርም ነበር። ግን ቢነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነበር። ጥርሴን ላወለቀ ሰው ንግግር ተዘጋጅቷል፣ ወረቀት ተጽፏል፣ ግቢ ተጠርጓል። ለዓመታት ከልምምድ ሳይቀር ለኖረ ሰው ግን አንዳችንም አፋችንን አልከፈትንም። አምበሉ ደግሞ እኔ ነኝ። ወረፋ ከያዙት መኪኖች አንዱ ጡሩንባውን ለቀቀው፤ ቀና ስል ከባድ ምት ወደ ጎላችን እየሄደ ነው። የሽንፋው ሰው በእጁ ሊይዛት ቢሞክርም ዘገየ፤ ኳሷ ግንባሩን መትታ ወጣች። እሱም በጀርባው ወደቀ። ወዲያው ጨዋታው አለቀ። ሁለት ለአንድ።

ሰው ሜዳውን ሞላው። ዳኛው ሄዶ የወደቀውን ሰው አነሣና ጨበጠው። ደጋፊው ተሸከመው። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ከልቡ ያጨበጭብ ነበር፤ ደጋግሜ አየሁት፣ ከልቡ ነው። ከዚያ የጓደኞቹን ልብስ ከወንበሩ ላይ እየሰበሰበ ከረጢት ውስጥ አስገባ።

በማግሥቱ መድኃኒት ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ችግር የለም» አለኝ፤ ያለውም ያን ብቻ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ መተማ ዮሐንስ ቡድን ተዛወረ። እዚያ ዋና አጥቂ ነው ይባላል።

የሽንፋው ሰው አንድ ዓመት ተኩል አብሮን ቆየ። ዳኛ አልነካም፣ ደጋፊ አላሯሯጠም። አንድ ቀን ግን ልምምድ ላይ የገዛ ቡድናችንን አማካይ አፍንጫ አደማ። መምህር ወረቀቱን አውጥተው ከላይ እስከ ታች ቢያነቡት ስለ ራሳችን ተጫዋቾች አንድም ቃል የለበትም። እሱም ሳይጠብቅ፣ «ይኼን አላሰባችሁበትም፤ እኔም አላሰብኩበትም» ብሎ አማካዩን ይቅርታ ጠየቀና ማልያውን አጥፎ አስረክቦ ሄደ። አሁን ሽንፋ ትራክተሩን ይነዳል። የዘይት ፊልትሮ ሊገዛ ሲመጣ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጠን እንከራከራለን። «ባታመጡኝ ይሻላችሁ ነበር?» ይለኛል። አንዳንድ ቀን «አዎ» እለዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን «አይ»። እንደ ቀኑ ነው።

ዘንድሮ አሰልጣኙ ደግሞ አንድ የግራ ክንፍ ተጫዋች አግኝቷል። እንደ ነፋስ ይሮጣል ይባላል፤ ከቀድሞ ቡድኑ ጋር የተለያየው ግን በድንጋይ ውርወራ ነው። መምህር አዲስ ወረቀት ጀምረዋል፤ ድንጋይ አንደኛ ተራ ላይ ሰፍሯል።

«ከወረቀቱ በፊት» አልኩ፣ «የእኛን ግራ ክንፍ እንጥራውና እንንገረው።»

ተጠራ። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ባጃጁን ዛፉ ሥር አቁሞ ቆሞ አዳመጠን። አሰልጣኙ እየተንተባተበ ነገሩን ነገረው። ሰውዬው ራሱን አከከ።

«ይምጣ» አለ። «እኔ በቀኝ በኩል ልሞክር።»

«በቀኝ? ቀኝ እግር አለህ እንዴ?» አለው አሰልጣኙ።

«እኔ ምን አውቄ» አለ። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።»